ከጄኔቫ እስከ ወገዳ፦ የኤችአይቪ ገንዘብ የተጓዘበት መንገድ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወልድያ የሚገባውን መንገድ ያገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ። ላይ ጋይንት ከመንገዱ ላይ ናት። ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ግን ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ተገንጥለው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳሉ። ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚሄደው ወጣትም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ኤችአይቪ ወደዚህ አገር ሲመጣ በምን በኩል እንደሚመጣ ማወቅ አያስቸግርም ነበር። እሱን ለመከላከል የተመደበው ገንዘብ በምን በኩል ይምጣ የሚለው ግን ከሃያ ዓመት በላይ አከራከረ።

ፖሊሲ ያለ በጀት (1976–1990)

ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተቀመጠ የደም ናሙና ነው። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ተመዘገቡ። መንግሥት ከዚያ በፊት በ1977 ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የኤድስ መቆጣጠሪያ ክፍል ተከፈተ። በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ የአጭርና የመካከለኛ ጊዜ ዕቅዶች ወጡ። የዕቅዶቹ ትኩረት ከተማው፣ ዋና መንገዱና የደም ባንኩ ነበር። አገሪቱ በረሃብና በጦርነት ተወጥራ ስለነበር ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ያለውም ከአዲስ አበባና ከትልልቅ ከተሞች አያልፍም።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የተበተነ ወታደር ወደየቀየው ተመለሰ። ጉናና ጋይንት አካባቢ ጦርነቱ ሲመላለስበት የቆየ አገር ስለነበር፣ ከመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች ጠጅ ቤቱም አልጋ ቤቱም እንግዳ ለምዶ ነበር። በሽታው በስሙ አይጠራም። ሰው ሲከሳና ሲጠቁር «ያ በሽታ» ይባላል፤ በወገቡ ወይም በፊቱ ላይ አልማዝ ባለጭራ ከወጣበት ጎረቤት ጉዳዩን በልቡ ጨርሶታል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ሆስፒታል ሲፈልግ ደብረ ታቦር ይወጣ ነበር፤ ካልሆነ ጸበል ይገባል። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የመከላከያ መሣሪያ ዲኬቲ የተባለው ድርጅት ያከፋፍለው የነበረው «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም ነበር፤ እሱንም ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ያስቀምጠዋል።

በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራት ተመሠረቱ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በአደባባይ መናገር ጀመሩ። ነሐሴ 1990 ዓ.ም. የኤችአይቪ/ኤድስ ብሔራዊ ፖሊሲ ጸደቀ። ፖሊሲው ብዙ ሥራ ለብዙ መሥሪያ ቤት አከፋፈለ፤ ሥራውን የሚያሠራው በጀት ግን አብሮት አልመጣም።

የዓለም ባንክ ብድር (1992–1996)

በዚያ ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ያወጣው ግምት አስደንጋጭ ነበር፤ ከኢትዮጵያ አዋቂ ሕዝብ ከአሥሩ አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ በጠቅላላው ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ተይዟል ይላል። ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ ሰብሳቢነት የብሔራዊ ኤድስ ምክር ቤት ተቋቋመ። መስከረም 1993 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 59.7 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለኢትዮጵያ ፈቀደ። ባንኩ ለአፍሪካ ባዘጋጀው ባለብዙ ዘርፍ የኤድስ ፕሮግራም መጀመሪያ ገንዘብ ያገኙት ኢትዮጵያና ኬንያ ነበሩ።

የፕሮግራሙ አስተሳሰብ አዲስ ነበር። ኤድስ የጤና ሚኒስቴር ጉዳይ ብቻ አይደለምና ትምህርቱም፣ ግብርናውም፣ ፖሊሱም፣ እድሩም በጀት ይካፈል አለ። ከብድሩ አንድ ክፍል «የአስቸኳይ ኤድስ ፈንድ» ተብሎ በቀጥታ ወደ ማኅበረሰቡ እንዲወርድ ተወሰነ። ክልሉ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ ያስተላልፋል። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 276 የኤችአይቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም «ሀፕኮ» የሚለው፣ ተቋቋመ፤ በየክልሉና በየወረዳውም አቻው ተከፈተ።

አሠራሩ ወረዳ ላይ ሲደርስ ይህን ይመስል ነበር። ቀበሌው የኤድስ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። ፕሮጀክት ይጽፋል፦ ለወላጅ አልባ ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ለታመሙ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ለትምህርት ቤቱ ጸረ ኤድስ ክበብ ድምፅ ማጉያ። ወረዳው ይገመግማል፤ ከጸደቀ የመጀመሪያው ዙር ይለቀቃል። ሁለተኛው ዙር የሚመጣው የመጀመሪያው ሒሳብ ሲወራረድ ነው። ለሒሳቡ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። በገጠር ገበያ ደብተር የሚሸጠው ሰው ግን ደረሰኝ የለውም። ባንክ ያለው ራቅ ካለ ከተማ ነው፤ በክረምት ወንዝ ይሞላል። እንዲህ እየሆነ አዲስ አበባ ላይ ገንዘቡ «አልተጠቀሙበትም» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ቀበሌው ደግሞ «ቃል ተገብቶልን ቀረ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ሌላው ጉድለት ክፍፍሉ ነበር። ለሁሉም ወረዳ፣ ለሁሉም መሥሪያ ቤት ጥቂት ጥቂት ማዳረስ ፍትሐዊ ይመስል ነበር። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሕዝቡ ደም ሲመረመር ግን ስርጭቱ በአገር ደረጃ 1.4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከተማው 5.5፣ ገጠሩ 0.7፣ አማራ ክልል 1.7 በመቶ። የቀድሞው ግምት በአብዛኛው ከነፍሰ ጡሮች መከታተያ ጣቢያዎች የተሰላ ነበር፤ ጣቢያዎቹ ደግሞ የሚበዙት ከተማ ላይ ነው። ንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ያለው ገጠር አንድ ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋሉ የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ አልቆመም። ገጠሩ አያስፈልገውም የሚለው መደምደሚያም ቢሆን ትክክል አልነበረም፤ ከገጠሩ ማን የት እየሄደ ይያዛል የሚለውን ገና ማንም አልጠየቀም ነበር።

ቻናል ሁለት፣ ቻናል ሦስት (1994–2000)

ጥር 1994 ዓ.ም. ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት የተቋቋመው ግሎባል ፈንድ ጄኔቫ ላይ ሥራ ጀመረ። ኢትዮጵያ በሁለተኛው ዙር ለኤችአይቪ 139 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በአራተኛው ዙር ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈቀደላት። ጥር 1995 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር የሚመደብለትን የኤድስ እርዳታ ፕሮግራም ፔፕፋርን አስታወቁ፤ ኢትዮጵያ ከተመረጡት አገሮች አንዷ ሆነች። የፔፕፋር የኢትዮጵያ በጀት በ1996 ዓ.ም. ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን አለፈ።

የኢትዮጵያ የፋይናንስ ሰዎች የእርዳታ ገንዘብን በሦስት ቻናል ይከፍሉታል። በገንዘብ ሚኒስቴር ግምጃ ቤት አልፎ በመንግሥት በጀት ውስጥ የሚወርደው ቻናል አንድ ነው። ለሚመለከተው ሚኒስቴር ተሰጥቶ በዘርፉ በኩል የሚወርደው ቻናል ሁለት። ለጋሹ ራሱ ወይም የቀጠረው ድርጅት የሚያወጣው ቻናል ሦስት። ግሎባል ፈንድ በዋናነት በቻናል ሁለት መጣ፤ ፔፕፋር በቻናል ሦስት። በ1996 ዓ.ም. ለጋሾች «አንድ ዕቅድ፣ አንድ አስተባባሪ፣ አንድ የክትትል ሥርዓት» ብለው ተስማምተው ነበር። ወረዳ ላይ ግን በሦስት ቻናል የሚመጣ ሦስት ሪፖርት መጻፍ አልቀረም።

ፔፕፋር ክልሎችን ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አከፋፈለ። ኦሮሚያና ምሥራቁ ለኮሎምቢያ፣ አዲስ አበባና ደቡቡ ለጆንስ ሆፕኪንስ፣ አማራ፣ ትግራይና አፋር ደግሞ ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አይቴክ ደረሱ። ስለዚህ የደቡብ ጎንደር ሐኪም ሥልጠናውንም፣ ክትትሉንም፣ የላቦራቶሪ ድጋፉንም ያገኘው ከአይቴክ ነው። ጤና ጣቢያዎቹን ደግሞ ማኔጅመንት ሳይንስስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት ያዘ። ለሆስፒታል አንድ፣ ለጤና ጣቢያ ሌላ ድርጅት መሆኑ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ የተዛወረ ሕመምተኛ ካርዱ እንኳ የተለየ እጅ ገባ ማለት ነበር።

መድኃኒቱ ራሱ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀመረ፤ የወር ወጪው ለገበሬ ቀርቶ ለወረዳ መምህርም የሚቻል አልነበረም። ጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በአገሪቱ መድኃኒት ላይ የነበረው ሰው አንድ ሺህ አይሞላም። መጀመሪያ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። ከስማዳ ቆላ የመጣ ሰው የወረዳው ከተማ ወገዳ ወጥቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ደብረ ታቦር ደርሶ፣ አድሮ፣ ሲዲፎር (የበሽታ ተከላካይ ሕዋስ መጠን) ተለክቶ፣ ውጤት ጠብቆ፣ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የመድኃኒቱ ዋጋ በዋሽንግተንና በጄኔቫ ተሸፍኗል፤ የአልጋውና የትራንስፖርቱ ግን ከሱ ኪስ ነው። በድርቅ በሚታወቁት በታች ጋይንትና በስማዳ ያ ገንዘብ የዘር እህል ወይም ፍየል ነው። ብዙ ሰው ቀጠሮውን ያቋረጠው እምነት አጥቶ ሳይሆን ብር አጥቶ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ መውረዱ ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ ለውጥ ያመጣው ለዚህ ነው።

ግንብ ወይስ መድኃኒት (1999–2004)

በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ አድሐኖም የኤችአይቪን ገንዘብ ለጠቅላላው የጤና ሥርዓት ግንባታ ማዋል የሚል አቋም ያዙ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች እያስቀመጠ ነበር። እነሱ ያገኙትን ሰው የሚልኩበት ጤና ጣቢያ ግን አልነበረም። ሚኒስቴሩ የግሎባል ፈንድን ገንዘብ ለጤና ጣቢያ ግንባታ አዋለው፦ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ከ1,300 በላይ ጤና ጣቢያ።

በ1999 ዓ.ም. የሚሊኒየም የኤድስ ዘመቻ ታወጀ፤ በገበያ ቀንና በበዓል ድንኳን ተተክሎ ሰው በሰልፍ ተመረመረ። 952 የነጻ የስልክ መስመር መልስ ይሰጥ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ይጮኻል፤ በቡና ላይ የማኅበረሰብ ውይይት ይካሄዳል። የመድኃኒት ተጠቃሚው ቁጥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ መቶ ሺዎች ገባ።

ከዚያ ኦዲቱ መጣ። በ2004 ዓ.ም. የግሎባል ፈንድ ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው ሪፖርት ለበሽታው የተሰጠ ገንዘብ ለግንባታ መዋሉን ነቀፈ፤ ከተጎበኙት ጤና ጣቢያዎች ብዙዎቹ ውሃ እንደሌላቸው፣ ማይክሮስኮፕ የሌላቸውም ጥቂት እንዳልሆኑ ጻፈ። ነቀፋው ትክክል ነበር፤ ውሃ የሌለው ማዋለጃ ክፍል ጤና ጣቢያ አይባልም። የሚኒስቴሩ መልስም በአንድ ነገር ጠንካራ ነበር፤ ቤት ከሌለ መድኃኒቱን የት ሆኖ ነው የሚሰጠው? ክርክሩን ከጄኔቫ ሳይሆን ከእስቴ ገጠር ቆመን ካየነው፣ ኦዲተሩ የነቀፈው ወጪ ከዓመታት በኋላም በቦታው የቆመው ነው፤ የሥልጠናና የአበል ወጪው ግን ከሠልጣኙ ጋር ተዛውሮ ሄዷል።

በዚያው ዓመት ከኤችአይቪ ወጪው ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ከውጭ የሚመጣ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው እስከ 2 በመቶ ለኤችአይቪ ሥራ እንዲመድቡ ተነገራቸው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ የሚያዋጣበት የኤድስ ፈንድም ተቋቋመ። በወረዳ ይህ ብዙም አልሄደም። ከክልል በቀመር የሚወርደው የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዙ የተረፈው ለነዳጅና ለጽሕፈት መሣሪያ አይበቃም። ከዚያ ላይ 2 በመቶ ማውጣት ለጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቀልድ ነበር።

ወረዳ ሲመረጥ (2004–2012)

የካቲት 2004 ዓ.ም. ዋሽንግተን ያቀረበችው የቀጣይ ዓመት በጀት ለኢትዮጵያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የነበረውን የፔፕፋር ገንዘብ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አደረገ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ ያለፉት ዓመታት ገንዘብ ሳይወጣ ተከማችቷል፣ የበሽታው ስርጭትም ከተፈራው በታች ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የትልቁ ገንዘብ ዘመን አለፈ። አይቴክ ሥራውን ለክልሉ ጤና ቢሮ ማስረከብ ጀመረ።

ሕክምናው ግን እየሰፋ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሲዲፎር ሳይጠበቅ ዕድሜ ልክ መድኃኒት እንድትወስድ ተወሰነ፤ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ይኸው ለሁሉም ሆነ። የደም ናሙና በፖስታ አገልግሎት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር እየተላከ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ይለካል። ገንዘብ እየቀነሰ ሕመምተኛው ሲበዛ መምረጥ ግድ ሆነ። በ2008ቱ ጥናት ስርጭቱ በአገር 0.9፣ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4፣ በአማራ ክልል 1.2 በመቶ ሆኖ ነበር። ለጋሹም ሚኒስቴሩም ብዙ አዲስ ተጠቂ በሚገኝባቸው ከተሞችና ቦታዎች ላይ እናተኩር አሉ። ጥቂት ሰው ብቻ የሚገኝባቸው ጤና ጣቢያዎች ድጋፋቸው ተቀነሰ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የመከላከል ፍኖተ ካርታ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ዘረዘረ፦ ሴተኛ አዳሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሹፌሮች፣ ታራሚዎች፣ የተፋቱና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ በልማት ቦታ የሚሠሩ ወጣቶች። የጋይንትና የስማዳ ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ የሚቆጠረው በመተማ ወይም በቋራ እርሻ ላይ ሲሆን ነው እንጂ ቤቱ ሲሆን አይደለም። ለአረም በሐምሌ ይሄዳል፣ ለአጨዳ መስከረምና ጥቅምት ይቆያል፣ ደሞዙን ይዞ ኅዳር ላይ ይመለሳል። ኮንዶሙ፣ ምርመራውና አስተማሪው የተመደቡት ለእርሻው ወረዳ ነው። ሚስቱ የምትመረመረው ደግሞ ስርጭቱ ዝቅተኛ ተብሎ በጀቱ በተቀነሰበት ወረዳ ነው። ገንዘቡ የሚደለደለው በቦታ ነው፤ ሰውየው ግን በዓመት ሁለት ቦታ ይኖራል።

ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው የገንዘብ ድልድል ሳይሆን አንድ የአሠራር ለውጥ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የቀጠሮ ማራራቅ አሠራር ሕክምናው የተሳካለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ ፈቀደ። ከወገዳ ጤና ተቋም በሰኔ የወሰደ የቀን ሠራተኛ ሰሊጡን አጭዶ እስኪመለስ ክኒኑ ይቆየዋል። ለመንግሥትም ከአዲስ ክሊኒክ ይልቅ ርካሽ ነበር።

ዘጠኝ ቀን በንፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወዲህ (2013–2018)

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በቻይናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገፍተው ንፋስ መውጫ ገቡ፤ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቆዩ። በከተማዋ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በነዚያ ቀናት ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን ቃል ይዟል። ከመደፈር በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ተቋሙ ተዘርፎ ሴቶቹ ተገቢውን ሕክምና ሊያገኙ አልቻሉም። በሃያ ዓመት የተገነባው አገልግሎት ሊያተርፋቸው የሚችላቸው ሴቶች እነዚህ ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገዱን በየጊዜው ዘጋው። መንገድ ሲዘጋ ከባሕር ዳር የሚወጣው የመድኃኒት መኪናም፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው የደም ናሙናም ይቆማል። የስድስት ወር ክኒን በቤቱ የያዘ ሰው የዚህን አሠራር ጥቅም ያየው ያን ጊዜ ነው።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ በትዕዛዝ አገዱ። ብዙም ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5,000 በላይ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። ሕይወት አድን መድኃኒት እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ የአሜሪካ የልማት እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ግን ሰኔ 2017 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። አገሪቱ በዚያ ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ቫይረሱ ያለባቸው ዜጎች ነበሯት።

ያኔ በየጤና ተቋሙ የታየው የሦስቱ ቻናል ልዩነት ነው። በቻናል ሦስት የተቀጠሩት የመረጃ ጸሐፊ፣ ኬዝ ማናጀርና ቀጠሮ ያቋረጠውን ሰው በእግር የሚፈልገው ሠራተኛ ውል ተቋረጠ። በመንግሥት ደመወዝ ያለችው ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ሠራተኛና ኦዲተሩ የነቀፈው ግንብ ቀሩ። መድኃኒቱ አልጠፋም፤ ሕመምተኛው መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ። ቀጠሮ ያለፈው ማን እንደሆነ ከመዝገብ አውጥቶ ወደ ቀበሌው የሚደውለው እሱ ነበር።

የላይ ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳ ምክር ቤቶች በየዓመቱ በሐምሌ በጀት ያጸድቃሉ። ከእንግዲህ በኤችአይቪ ላይ የሚወሰነው ከጄኔቫ ይልቅ እዚያ ይበዛል፤ የአንድ የመዝገብ ሠራተኛ ደመወዝ ከመደበኛው በጀት መግባት አለመግባቱ፣ ወደ መተማ ከሚሄደው ወጣት ጋር በሰኔ መነጋገሪያ የሚሆን የነዳጅ ወጪ መመደብ አለመመደቡ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ከ59.7 ሚሊዮኑም ከ350 ሚሊዮኑም ጋር አይወዳደርም። ግን ደረሰኝ ከሌለው የገበያ ነጋዴ፣ በክረምት ከሚሞላው ወንዝና በዓመት ሁለት ወረዳ ከሚኖረው ሠራተኛ ጋር የሚተዋወቀው ወረዳው ነው፤ የሦስት አሥርተ ዓመታት ድልድልም የተሳሳተው ብዙ ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ሳይቆጥር ነው።